ፈተናው «ያንሳል» ይላል፣ ኢንተርቫሉ ግን 100ን ይዟል

የስታቲስቲክስ ፕሮጀክቴ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ተጣብቄያለሁ። የሰፈራችን ዳቦ ቤት አንድ ዳቦ 100 ግራም ነው ይላል። 16 ዳቦ ገዝቼ አንድ በአንድ መዘንኩ። አንዱ 86 ሲያሳይ ደንግጬ ሚዛኑን እንደገና ዜሮ አድርጌ ነው የመዘንኩት። ያው 86! አማካዩ 97.2፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ክብደቶቹ በአማካዩ ዙሪያ የተበተኑበት መጠን) 6 ግራም ወጣ።

ናል ሃይፖቴሲሴ (የምፈትነው መነሻ ግምት) «አማካዩ 100 ነው»፣ አማራጩ «ከ100 ያንሳል» ነው። 6ን ለ16 ስኩዌር ሩት ሳካፍል 1.5፣ የቲ ዋጋው (ከ100 ያለው ልዩነት ለ1.5 ሲካፈል) ደግሞ -1.87 ሆነ። በ15 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (16 ሲቀነስ 1)፣ በ5 በመቶ የስህተት ደረጃ፣ የቲ ሰንጠረዡ ወሰን 1.753 ስለሆነና 1.87 ስለሚበልጠው ናሉን ውድቅ አደረግኩ።

ከዚያ የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (ለእውነተኛው አማካይ የሚገመት ክልል) በ2.131 ሠራሁ። ከ94.0 እስከ 100.4 መጣ። 100 ውስጡ ቁጭ ብሏል! በ1.96 ብሞክርም 100.1 ድረስ ይሄዳል። ስሌቱን ሦስቴ ደግሜዋለሁ፣ የቁጥር ስህተት የለም። 1.753 የአንድ ጎን («ያንሳል» ብቻ)፣ 2.131 የሁለት ጎን («ያንሳል ወይም ይበልጣል») መሆኑ ይገባኛል። የ90 በመቶውን ስሠራ 99.8 ላይ ቆመ፣ ከፈተናው ጋርም ተስማማ። ግን ውጤቱ እንዲያምር ብዬ ደረጃውን ከ95 ወደ 90 የቀየርኩ መሰለኝ፤ እንደዚያ ማድረግ ደግሞ አልፈልግም።

ጥያቄዬ «ዳቦው ያንሳል ወይ?» ብቻ ከሆነ፣ ከአንድ ጎን ፈተናው ጋር ማቅረብ ያለብኝ የትኛውን ኢንተርቫል ነው፣ ለምን?