የቅማል መድኃኒት ተቀብተው በሳምንቱ ለምን ይመለስባቸዋል?

መምህርት፣ 2ኛ ክፍል
ቅማል የተገኘባቸው ልጆች ቤታቸው 1 ፐርሰንት ፐርሜትሪን ተቀብተው መጡ። በሳምንቱ እንደገና ይታያል። ጥፋቱ የመድኃኒቱ ነው የአቀባቡ? ሹሩባ ሳይፈታስ ማየት ይቻላል? ቅጫሙን ከፎረፎር በምን ልለየው?

ፋርማሲስት
ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ዙር ስለሚዘለል ነው። ፐርሜትሪን ቅማሉን እንጂ ቅጫሙን ሁሉ አይገድልም፤ ቅጫም ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ስለዚህ አዲሶቹ አድገው እንቁላል ሳይጥሉ በ9ኛው ቀን ይደገም።

አቀባቡም ያበላሻል። ፀጉሩ በሻምፑ ብቻ ታጥቦ በፎጣ ይደረቅና፣ እርጥበቱ እያለ መድኃኒቱ ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት ጀምሮ እስከ ቆዳው ይዳረስ፤ 10 ደቂቃ ቆይቶ በውኃ ይለቅለቅ። ቅባት ወይም ኮንዲሽነር ከቀደመው መድኃኒቱ ፀጉሩን አይዝም። ከዚያ 2 ቀን ሻምፑ አይንካው። 5 ፐርሰንቱ ክሬም የእከክ ነው፤ በሱ አይተኩት።

መድኃኒቱ ከተቀባ 12 ሰዓት ያህል ቆይቶም እንደ በፊቱ የሚሯሯጡ ቅማሎች ካሉ መድኃኒቱን ለምደውታል፣ ሌላ ዓይነት ይጠይቁ። እየተጎተቱ ከሆነ እየሞቱ ነው፤ ማበጠር ይበቃል።

የትምህርት ቤት ነርስ
ሹሩባው ካልተፈታ ቅማሉን በዓይን ማግኘት ይከብዳል፤ ከብርሃን ይሸሻል። ፀጉሩን አርጥበው ኮንዲሽነር ይቀቡ፣ ጥርሱ በጣም በጠበበ የቅማል ማበጠሪያ ከሥር እስከ ጫፍ ይሳቡ፣ በየስበቱ ነጭ ሶፍት ላይ ይጥረጉ። (ኮንዲሽነሩ ለማበጠሪያ ነው፤ መድኃኒት በሚቀባበት ዕለት ከመድኃኒቱ በፊት አይደለም።)

ፎረፎር ሲያራግፉት ይወድቃል። ቅጫም ግን ከፀጉሩ ጎን ተጣብቆ በጥፍር ካልተሳበ አይላቀቅም። ከቆዳው 1 ሳንቲ ሜትር ከራቀ በአብዛኛው ባዶ ቅርፊት ነው፣ ለሱ ሲባል መድኃኒት አይደገምም። የሚራመድ ቅማል ሲገኝ ነው ሕክምና የሚጀመረው።

መድኃኒት ያልፈለገ በ1ኛው፣ 5ኛው፣ 9ኛውና 13ኛው ቀን እንዲህ ያበጥር። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል፤ አንድ ቀን ከተዘለለ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው።

መምህርት
ላምባ የሚቀቡ ወላጆች አሉ። ልጁንስ ወደ ቤት ልመልሰው?

ፋርማሲስት
ላምባ ቆዳ ያቃጥላል፣ እሳት ይይዛል። የተባይ ማጥፊያም ልጅን ይመርዛል፤ ሁለቱም ይቅሩ።

የትምህርት ቤት ነርስ
አይመልሱት፣ ቀኑን ይጨርስ። ማታ የቤተሰቡ ራስ ሁሉ ይታይ፤ ሕክምናው ግን ለተገኘበት ብቻ ነው። ሻሽና የትራስ ልብስ በ60 ዲግሪ ይታጠብ፤ ከራስ የወረደ ቅማል ከ2 ቀን በላይ ስለማይቆይ ቤቱን መርጨት ትርፉ ወጪ ነው። ተስቦ የሚያመጣው የልብስ ቅማል ነው፤ ይህ አይደለም።