ከዱባይ ጠቅልሎ ለመግባት፦ ቤተሰብ ይቅደም ወይስ አብረን እንመለስ?

ጥያቄ — የዴይራው መሐንዲስ

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣

ዱባይ ውስጥ በአንድ የሕንፃ አየር ማቀዝቀዣ ተከላና ጥገና ድርጅት ለ11 ዓመታት በመሐንዲስነት ሠርቻለሁ። የሥራ ውሌ በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ ሲያበቃ ላለማደስና ጠቅልለን ወደ አዲስ አበባ ለመግባት ከባለቤቴ ጋር ወስነናል። እንመለስ ወይስ አንመለስ የሚለውን ጨርሰነዋል፤ እናቴ አርጅታለች፣ ልጆቼም አገራቸውን የሚያውቁት በእረፍት ጊዜ ብቻ ነው። የቸገረን ቅደም ተከተሉ ነው።

ሴት ልጃችን ዘንድሮ 5ኛ ክፍልን፣ ወንዱ 2ኛ ክፍልን ይጨርሳሉ። ሁለቱም አማርኛ ይናገራሉ፤ ማንበብና መጻፍ ግን እናታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ከምታስጠናቸው ፊደል ብዙም አላለፉም። አንደኛው ሐሳባችን ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ በመጪው ነሐሴ ገብታ ትምህርታቸውን መስከረም ላይ እንዲጀምሩ፣ እኔም ውሌን ጨርሼና የአገልግሎት ክፍያዬን ተቀብዬ እንድከተል ነው። ሁለተኛው ሁላችንም አንድ ዓመት ታግሠን በአንድነት እንድንገባ ነው። የካ አባዶ ያለችን ኮንዶሚኒየም በወንድሜ ውክልና ለተከራይ ተሰጥታለች፤ ስንገባ እንኖርባታለን ብለን አስበናል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ሰዎች የትኛው እንደሚሻል ከነምክንያቱ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ — የሲኤምሲዋ እናት

ወንድሜ፣ እኔ ከዶሃ ሁለት ልጆች ይዤ የገባሁ ነኝ። ባለቤቴ ከእኔ በኋላ ነው የመጣው፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን አማራጭ ከውስጥ አውቀዋለሁ፤ ቢቀርባችሁ እመርጣለሁ። ምክንያቴ ናፍቆት ብቻ እንዳይመስልዎ፤ የሴት ልጅዎ ክፍል ነው።

በመጪው መስከረም ብትገባ 6ኛ ክፍል ትሆናለች። አዲስ አበባ ውስጥ 6ኛም 8ኛም ክፍል የከተማ አቀፍ ፈተና አለባቸው፤ ስለዚህ ፊደል ገና እየቆጠረች ያለች ልጅ በገባችበት ዓመት መጨረሻ ላይ ለፈተና ትቀመጣለች ማለት ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ አብራችሁ ብትመጡ ግን የምትገባው 7ኛ ክፍል ነው፤ እስከ ሚኒስትሪ ድረስ ሁለት ዓመት ታገኛለች፤ እዚያ የምትቆይበትንም ዓመት ቅዳሜ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በአማርኛ ንባብ ልታሳልፈው ትችላለች። ለወንዱ ልጅ ነገሩ ይህን ያህል አያሳስብም፤ በእሱ ዕድሜ ያለ ልጅ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሲሯሯጥ ይደርስባቸዋል።

ልጆቹ አማርኛ መናገራቸው አያዘናጋችሁ። የእኔ ትልቋ ልጅ ቤት ውስጥ እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ልጅ ትናገር ነበር፤ የቃል ጽሕፈት ደብተሯ ግን በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ይመጣ ነበር፤ መምህሯ ሰሌዳ ላይ በፍጥነት የሚጽፉትን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ስለማትችልም የጎረቤቷን ደብተር ትገለብጥ ነበር። ሒሳብና ሳይንስ የምታውቀው ነገር ሆኖ ሳለ ጥያቄውን ለማንበብ ስትታገል ጊዜው ያልቅባት ነበር። ያዳናት ማታ ማታ ከአያቷ ጋር ጮክ ብላ ማንበቧ ነው እንጂ የከፈልነው አስጠኚ ያን ያህል አልጠቀማትም። (ትምህርት በ2 ሰዓት ይጀምራል ስትባል ከቀትር በኋላ መስሏት የሳቅነው ሳቅ ግን አይረሳም።)

የትምህርት ማስረጃዎቻቸውን በተመለከተ የሁሉንም ክፍሎች ውጤት ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። ሰነዱ በኤምሬቶች የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በዱባይ ባለው ቆንስላችን ተረጋግጦ፣ እዚህ ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ያልፋል። ይህን እዚህ ሆኖ በሰው በሰው ለማስጨረስ መሞከር እጅግ አድካሚ ነው። ትምህርት ቤት የምትመርጡም ከሆነ ክፍያውን በዶላር ተምኖ የሚያስከፍል ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆችን ከማስገባታችሁ በፊት ገቢያችሁ በብር እንደሚሆን አስታውሱ።

መልስ — የባንክ ሠራተኛ

ከላይ የተጻፈውን የትምህርት ጉዳይ ለሚያውቁት ትቼ ስለ ገንዘቡ ልናገር፤ ለነገሩ ገንዘቡም ወደ ሁለተኛው አማራጭ ያጋድላል።

በ2021 በወጣው የኤምሬቶች የሥራ ሕግ መሠረት የአገልግሎት ክፍያ የሚሰላው ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የ30 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ሆኖ ነው፤ ጠቅላላው ከ2 ዓመት ደመወዝ መብለጥ የለበትም። ልብ ሊሉት የሚገባው «መሠረታዊ» የሚለውን ነው፤ የቤትና የትራንስፖርት አበል አይቆጠርም። ለምሳሌ መሠረታዊ ደመወዙ 6,000 ድርሃም የሆነ ሰው ለ11 ዓመት አገልግሎት 57,000 ድርሃም ያገኛል፤ ይህም ወደ 15,500 ዶላር ገደማ ነው። አሠሪው ውሉ ካበቃበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። ብድር ወይም ያልተዘጋ ክሬዲት ካርድ ካለዎት ግን ገንዘቡ ሒሳብዎ ውስጥ እንደገባ ባንኩ ሊይዘው ስለሚችል አስቀድመው ይዝጉ።

ቤተሰብዎ ቀድሞ ከገባ በሁለት አገር ሁለት ቤት ማስተዳደር ይመጣል። ከዚህም ሌላ ከኤምሬቶች ውጭ በተከታታይ ከ6 ወር በላይ የቆየ ሰው የመኖሪያ ፈቃዱ በመርሕ ደረጃ ስለሚቋረጥ፣ ልጆቹ ባይለምዱና እንመለስ ቢባል በሩ እንደ ቀድሞው ክፍት አይሆንም።

ገንዘቡን ወደ አገር ሲያስገቡ በባንክ ያስተላልፉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ያን ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዚያው ጊዜ የወጣው መመሪያ በአገር ውስጥ የሚኖር ሰውም ከውጭ በተላለፈለት ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍት ይፈቅዳል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቀን ወደ ብር ለውጦ የሚያስቀምጥበት ምክንያት አይታየኝም፤ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ክፍያና የጥቂት ወራት ቀለብ የሚሸፍነውን መንዝረው ቀሪውን በዶላር መያዝ ይችላሉ። በሐዋላ በሰው እጅ የመጣ ገንዘብ ግን ምንጩን የሚያሳይ ሰነድ ስለሌለው ለዚህ አይሆንም። ሒሳብ ለመክፈት የፋይዳ (የብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥር ስለሚጠየቅ ከሁለታችሁ ይህ ቁጥር የሌለው ካለ እንደገባችሁ ይመዝገብ። መኪና ለመላክ አስባችሁ ከሆነም ይቅርባችሁ፤ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል።

መልስ — የአቡ ዳቢ ተመላሽ

ሁለቱም መካሪዎች ስለ ልጆችና ስለ ገንዘብ በሚገባ ተናግረዋል፤ ስለ እርስዎ ሥራ ግን ማንም አላነሣም። እኔም በዚሁ ሙያ ውስጥ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት መምጣት ያለበት እርስዎ ነዎት እላለሁ፤ ለመኖር ሳይሆን ለማየት። ዓመታዊ ፈቃድዎን በጥር ወይም በሚያዝያ ወስደው፣ የዘመድ ጥየቃውን አሳጥረው፣ በሙያዎ ዙሪያ ያሉ ሰዎችን በየቢሯቸው ይጎብኙ።

አዲስ አበባ የማቀዝቀዣ ከተማ አይደለችም። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አብዛኛው መኖሪያ ቤት ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ሥራው ያለው በሆስፒታሎች የቀዶ ሕክምና ክፍሎች፣ በባንኮችና በቴሌኮም የሰርቨር ክፍሎች፣ በትልልቅ ሆቴሎች፣ በአበባና በሥጋ ላኪዎች ማቀዝቀዣ መጋዘኖች፣ ከከተማዋ ውጭ ደግሞ እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት አካባቢዎች ነው። ዱባይ ላይ በ46 ዲግሪ ሙቀት ያሰላነው ስሌት እዚህ አይሠራም፤ በአንጻሩ አየሩ በአንድ አራተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ የማራገቢያውንና የኮንደንሰሩን አቅም ዳግመኛ ማስላት ግድ ይላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ብዙ አይደለም፤ ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ሥራ አያጣም፤ ደንበኛን ማግኘት ግን ጊዜ ይወስዳል።

ተቀጥሮ መሥራትን ካሰቡ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎን የኃላፊነት ዓይነትን፣ ደመወዝንና ዘመንን ዘርዝሮ አጽፈውና አስረጋግጠው ይምጡ። አንዳንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከግል ድርጅት የተገኘ ልምድን የሚቀበሉት የሥራ ግብር መከፈሉ ሲረጋገጥ ነው፤ ኤምሬቶች ውስጥ ደግሞ የደመወዝ ግብር የለም። ይህ የሚያስከትለው ክርክር በቃል አያልቅም፤ ግብር የማይከፈልበት አገር መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቆንስላው ለማግኘት ይሞክሩ። የደመወዙንም ነገር ከወዲሁ ይወቁት፤ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ በተሻሻለው ሕግ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ገቢ ላይ የሚከፈለው ግብር 35 በመቶ ሲሆን፣ ለጡረታ 7 በመቶ ከእርስዎ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ስለሚያስፈልግና መውጫው 60 ዓመት ስለሆነ፣ ዕድሜዎ ከ50 በታች ከሆነ ይህ ቁርጥ ከንቱ አይሆንም።

ሌላው ዕድር ነው። እናትዎ አርጅተዋል ብለዋልና በሰፈራቸው ዕድር የእርስዎ ወይም የወንድምዎ ስም እንዳለ፣ ወርኃዊ መዋጮውም እንዳልተጓደለ ያረጋግጡ። ለዓመታት ውጭ የኖረ ሰው በዕድርተኛው ዘንድ ገንዘብ የሚልክ እንጂ የማይገኝ ሰው ሆኖ ይታያል፤ ይህ አስተያየት የሚለወጠው ድንኳን ሲተከል ከወጣቶቹ ጋር አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ሲያዩዎት ነው። ዘመድ ደግሞ ብድር ሲጠይቅ «ሥራ ልጀምርበት ነው» የሚል መልስ አስቀድሞ ከእርስዎም ከባለቤትዎም አንድ ዓይነት ሆኖ ይውጣ።

የጠያቂው ምላሽ — የዴይራው መሐንዲስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሴት ልጄን ክፍልና የፈተናውን ጉዳይ ጨርሶ አላሰብነውም ነበር፤ ባለቤቴ ካነበበችው በኋላ አብረን በሰኔ መጨረሻ እንድንገባ ተስማምተናል። እኔም በሚያዝያ ፈቃዴን ወስጄ ለሥራ ፍለጋ እመጣለሁ። የቀረኝ ጥያቄ የቤቱ ነው፤ ወንድሜ ተከራዩ ጥሩ ሰው መሆኑንና ውሉን በቅርቡ እንዳደሰለት ነግሮኛል። ስንመጣ ልቀቅልን ማለት አያስቸግርም?

መልስ — የሕግ ባለሙያ

ሊያስቸግር ይችላል። በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል ዝቅተኛው ዘመን 2 ዓመት ነው፤ ባለቤቱ ከውጭ አገር መመለሱ ብቻውን ተከራዩን ከዘመኑ በፊት ለማስለቀቅ ምክንያት ይሆናል ብለው አይተማመኑ። ወንድምዎ የተመዘገበውን ውል ፎቶ አንሥቶ ዛሬውኑ ይላክልዎ፤ የሚያልቅበትንም ቀን ይመልከቱ። ከሰኔ በኋላ የሚያልቅ ከሆነ አሁን ጀምራችሁ ተከራዩን በጨዋ ቋንቋ አነጋግሩት፤ በስምምነት በጽሑፍ ውሉን ማቋረጥ ይቻላል፣ ሌላ ቤት መፈለጊያ የሚሆን ጊዜና ምናልባትም የአንድ ሁለት ወር ኪራይ ምሕረት ብትሰጡት ይበልጥ ይቀላል። እሱ ካልተስማማ ለራሳችሁ በኪራይ ቤት ፈልጉ፤ ያው አዋጅ እናንተንም ይጠብቃል፣ አከራይ ከ2 ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ እንዲጠይቃችሁ አይፈቅድም። ለወንድምዎ የሰጡት ውክልና ውል ማፍረስንና ማደስን የሚያካትት መሆኑንም ከሰነዱ ላይ ያረጋግጡ፤ ካልሆነ በቆንስላው በኩል አዲስ ውክልና አዘጋጅተው ይላኩ።