ሲንሲናቲ ውስጥ የጀርመንኛ ቅዳሴ ከየት መጣ?

የሐይቅ ዳር፦ ሰላም የሐዋሳ ልጆች፣ የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ነው የምትኖረው እና እሁድ የሄደችበትን የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ፎቶ ላከችልኝ፣ ቅድስት ማርያም ነው፣ በጀርመንኛም ይቀደሳል አለችኝ። እኛ እዚህ በአማርኛም በሲዳምኛም ስለምንሰማ ነገሩ በጣም ሳበኝ፣ የምታውቁ በናታችሁ

ታቦር፦ የጀርመን ስደተኞች ናቸው የሰሩት። ሰፈሩ ራሱ ስሙ "ከራይን ማዶ" ነው፣ በሰፈሩ ዳር የነበረውን ቦይ የአገራቸውን የራይን ወንዝ አስመስለው። ቤተክርስቲያኑ በ1842 እ.ኤ.አ ነው የተመረቀው፣ ምእመናኑ ጡቡን በየቤታቸው ምድጃ ጋግረው አመጡ ይባላል፣ እስቲ አስቡት ድፎ በሚደፋበት እሳት ላይ ጡብ! ከሱ በፊት ግን ፊላደልፊያ ላይ በ1789 ቅድስት ሥላሴን ጀርመኖች ከፍተዋል፣ አሜሪካ ውስጥ በቋንቋ የተለየ የመጀመሪያው ቁምስና (አጥቢያ) እሱ ነው

ወልደ ሚካኤል፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ ያኔ ቅዳሴው ለሁሉም በላቲን ነበር። ጀርመንኛው ስብከቱ፣ ኑዛዜው፣ መዝሙሩ እና በተለይ የቁምስናው ትምህርት ቤት ነው። ሰው ኃጢአቱን በሰው ቋንቋ እንዴት ይናዘዛል? ለዚህ ነው ብዙዎቹ አይሪሽ (የአየርላንድ ተወላጅ) ከሆኑት ጳጳሳት ጋር ብዙ የተከራከሩት። የቺካጎው ቅዱስ ሚካኤልም የነሱ ነው፣ በ1871 ከተማው ሲቃጠል ግድግዳው ቆሞ ቀረና መልሰው ሰሩት። አሜሪካ በ1917 ጀርመንን ስትወጋ ግን ጀርመንኛ መናገር አስጠርጣሪ ሆነና ብዙዎቹ ወደ እንግሊዝኛ ዞሩ፣ ይሄ ያሳዝነኛል

የሐይቅ ዳር፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የጡቡን ነገር አሁኑኑ ደውዬ ነው የምነግራት