ዳት ላይ ካልኩሌተር ሳይያዝ የኬሚስትሪ ስሌት እንዴት ይፈጥናል?

ተፈታኟ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካው የጥርስ ሕክምና መግቢያ ፈተና (ዳት) ላይ ካልኩሌተር የሚፈቀደው በሒሳቡ ክፍል ብቻ ነው፤ ኬሚስትሪው ላይ የለም። ባዮሎጂ፣ ጄኔራል ኬሚስትሪና ኦርጋኒክ ተደምረው 100 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ስለሆነ ለአንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። ቀመሩ አያስቸግረኝም፣ የሚይዘኝ ቁጥሩ ነው። ይቺን እንኳ እዩዋት፦ 0.20 ሞላር ደካማ አሲድ፣ ኬኤው (አሲዱ ምን ያህል አዮን እንደሚሰጥ የሚለካው ቋሚ) 1.8×10⁻⁵፤ ፒኤቹ ስንት ነው? ስኩዌር ሩትም ሎግም አለባት። እናንተ እንዴት ነው የምትሠሯት?

ሞልና_ግራም፦
ይቺ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አትፈጅም። 1.8×10⁻⁵ በ0.20 ሲባዛ 3.6×10⁻⁶ ነው። የሱ ስኩዌር ሩት የሃይድሮጅን አዮኑ ነው፣ የዚያ ሎግ ምልክቱ ሲገለበጥ ደግሞ ፒኤቹ። የ3.6 ስኩዌር ሩት 1.9 ገደማ ነው፣ የ10⁻⁶ ደግሞ 10⁻³። የ2 ሎግ 0.30 ስለሆነ የ1.9 ከሱ ትንሽ ያንሳል፣ 0.28 በዪው። 3 ሲቀነስ 0.28፣ 2.72። አለቀ።

አርቢው ኢተጋማሽ ሲሆን ነው ብዙ ሰው የሚጠፋው። 1.6×10⁻⁵ን እንዳለ ይዘሽ ብትገቢ 10⁻²·⁵ ላይ ትቆሚያለሽ። ነጥቡን አንድ ቤት አንቀሳቅሰሽ 16×10⁻⁶ አድርጊው፤ መልሱ 4×10⁻³ ሆኖ ይወጣል። ኪዩብ ሩት ከሆነ አርቢው ለ3 እንዲካፈል አድርጊ። አንድ ፖዘቲቭና ሁለት ኔጌቲቭ አዮን የሚሰጥ ጨው ኬኤስፒው (የመሟሟት ቋሚው፤ የሚሟሟው መጠን ኪዩብ በ4 ተባዝቶ ነው) 3.2×10⁻¹¹ ቢሆን፣ ለ4 ስታካፍዪው 8×10⁻¹² ይሆናል፣ ኪዩብ ሩቱም 2×10⁻⁴።

በቃል የሚያዝ ሎግ ሦስት ብቻ ነው፦ የ2 0.30፣ የ3 0.48፣ የ7 0.85። ሌላው ከነዚህ ይወጣል፤ የ4 ሁለት ጊዜ 0.30 ነው፣ የ6 0.30 ሲደመር 0.48፣ የ5 ደግሞ 1 ሲቀነስ 0.30። ወጥመዷ ምልክቱ ላይ ናት። የሃይድሮጅን አዮኑ 4×10⁻⁹ ከሆነ ፒኤቹ 9 ሲቀነስ 0.60፣ 8.4 ነው። ደምሮ 9.6 የሚል አማራጭ ሳይኖር አይቀርም። ከ1 እስከ 10 ያለ ቁጥር በ10⁻⁹ ከተባዛ ፒኤቹ ከ8 እስከ 9 ባለው ውስጥ ነው የሚያርፈው፣ ከዚያ አይወጣም።

ነጥብ_ቆጣሪ፦
ከሁሉ በፊት አማራጮቹን እዪ። የሚለያዩት በ10 ርቢ ብቻ ከሆነ አርቢዎቹን መደመርና መቀነስ ይበቃል። አንዳንዴ መልሱን ጭራሽ ሳያሰሉት 9.8×2×40÷98 ብለው ያስቀምጡታል፤ እሱን እስከ ቁጥር ማድረስ ጊዜ ማቃጠል ነው። አሃዶቹ ተጣፍተው የተጠየቀው ከቀረ ትክክል ነው።

ማስላት ግድ ከሆነ ደግሞ ሳታባዢ አጣፊ። 9.8 ግራም ሰልፈሪክ አሲድ (አንድ ሞሉ 98 ግራም) ኒውትራል ለማድረግ ስንት ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (አንድ ሞሉ 40 ግራም) ይበቃል? ላዩን አባዝቶ 784ን ለ98 ማካፈል አጉል ልፋት ነው። 9.8 ለ98 መጀመሪያ 0.1 ሞል ይሆናል፣ አንዱ አሲድ ሁለት ሃይድሮክሳይድ ስለሚፈልግ በ2 ሲባዛ 0.2፣ በ40 ሲባዛ 8 ግራም። ጋዝ ላይም እንዲሁ፦ የጋዝ ቋሚው 0.0821 በ300 ኬልቪን ሲባዛ 24.6፣ በ273 ሲባዛ 22.4 መሆኑን ያዢ። 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሰጡሽ 300 ኬልቪን እንድታደርጊው ነው።

ስታጠጋጊ ለማባዛት አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጊ፤ 52×0.48ን 50×0.5 ብትዪው 25 ይመጣል፣ ትክክለኛው 24.96 ነው። ለማካፈል ግን ሁለቱንም ወደ አንድ ወገን ነው። 47÷0.19ን 50÷0.2 ብትዪ 250 ነው፣ እውነቱ 247። 45÷0.21ንም ያው 50÷0.2 ካልሽው ግን እውነቱ 214 ሆኖ ሳለ አሁንም 250 ይልሻል።

ኬልቪን_ነኝ፦
በነጥብ_ቆጣሪ እስማማለሁ፣ መቀነስ እስካልመጣ ድረስ። 24.6 ሲቀነስ 23.9 0.7 ነው፤ አጠጋግተሽ 25 ሲቀነስ 24 ካልሽ 1 ይሆናል፣ ከ40 በመቶ በላይ ስህተት። የሙቀት ለውጥና የክብደት ልዩነት ላይ መጀመሪያ ቀንሺ፣ ከዚያ አጠጋጊ።

ጊብስ ነጻ ኃይል ላይ (ኢንታልፒ ሲቀነስ ኬልቪኑ በኢንትሮፒ ተባዝቶ) ደግሞ ኢንታልፒው በኪሎጁል፣ ኢንትሮፒው በጁል ነው የሚሰጠው። −92 ኪሎጁልና −199 ጁል በኬልቪን ቢሰጡሽ በ298 ኬልቪን፣ 199ን 0.2 ኪሎጁል አድርገሽ በ300 አባዢ፤ 60። −92 ሲደመር 60፣ −32 ገደማ። እዚህ ማጠጋጋቱ ያልጎዳው ሁለቱ ቁጥሮች ስለሚራራቁ ነው።

የመጀመሪያዋ ጥያቄ ላይ የተሠራው አቋራጭም (ኬኤን በኮንሰንትሬሽኑ አባዝቶ ስኩዌር ሩቱን መውሰድ) ገደብ አለው። ኬኤው 10⁻² ሆኖ ኮንሰንትሬሽኑ 0.10 ቢሆን አቋራጩ 0.032 ይሰጥሻል፣ ትክክለኛው ግን 0.027 ነው። የተገኘው ከመነሻው 5 በመቶ ካለፈ አትመኚው።

ተፈታኟ፦
አመሰግናለሁ። 0.05 ሞላር፣ ኬኤው 8×10⁻⁵ በሆነ አሲድ ሞከርኩት፦ 4×10⁻⁶፣ 2×10⁻³፣ ፒኤች 2.7። ከመነሻው 4 በመቶ ነው። ልክ ነኝ?

ሞልና_ግራም፦
ልክ ነሽ።