ሲቪዬና መታወቂያዬ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ እንዴት ላጥፋው?

የጎፋዋ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት የማላውቀው ሰው ደወለልኝ። ስሜን እስከ አያቴ ጠራው። የተመረቅሁበትን ዓመት ሳይቀር ያውቃል። «ለሥራ ተመርጠሻል፤ አሁን በቴሌግራም የሚመጣልሽን ኮድ ንገሪኝ» አለኝ። አልነገርኩትም፤ ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የዘጋሁት። የዛሬ ሁለት ዓመት ሥራ ስፈልግ ሲቪዬን ከነመታወቂያዬ አንድ የሥራ ማስታወቂያ ቻናል ኮመንት ላይ ለጥፌ ነበር። ስሜን ጎግል ላይ ብፈልግ ግን ምንም የለም። ከየት ልጀምር?

አቤል ዘፒያሳ፦ እንኳን ኮዱን አልሰጠሽው። ያ ኮድ የቴሌግራም መግቢያሽ ነው። አሁኑኑ ሴቲንግ ገብተሽ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ላይ የይለፍ ቃል አብጂ። ከዚያ በኋላ ኮዱን ቢያገኙትም ያለ ይለፍ ቃሉ አይገቡም። ዲቫይስስ የሚለውንም እይው፤ የማታውቂው ስልክ ካለ አስወጪው። ፕራይቬሲ ውስጥ ደግሞ ስልክ ቁጥርሽን ማንም እንዳያይ አድርጊና፣ በቁጥርሽ የሚያገኙሽ ኮንታክቶችሽ ብቻ ይሁኑ።

መዝገብ ቤት፦ እህቴ፣ ምንም አላገኘሁም ያልሽው አፈላለግሽ ላይ ይመስለኛል። እኔ ሰነድ ስፈልግ ነው የምውለው። የእኛ ስም አንድ አጻጻፍ የለውም። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፤ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ጸሃይ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሆንማ ይብሳል፤ «ፀ»ን አንዱ በሁለት ፊደል፣ ሌላው በአንድ ይጽፈዋል። ስለዚህ ወረቀት አውጥተሽ ስምሽ ሊጻፍ የሚችልበትን ሁሉ ዘርዝሪ። እያንዳንዱን ከአባትሽ ስም ጋር በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብተሽ ፈልጊ። ጥቅሱ ከሌለ ጎግል ስምሽን በታትኖ ሌላ ሰው ያመጣልሻል።

ከስም ይልቅ ግን ስልክ ቁጥር ነው የሚያጋልጠው። በ09 ጀምረሽ፣ በ251 ጀምረሽ፣ ቁጥሮቹን አያይዘሽም ክፍተት አድርገሽም ሞክሪ። በጎግል የላቀ ፍለጋ ገጽ ላይ የፋይሉን ዓይነት ፒዲኤፍ ብትይው የፈተና ጥሪና የተመራጮች ዝርዝር ይወጣል። ብዙ ሰው ስሙ እዚያ እንዳለ አያውቅም።

ኮመንቱን ግን ጎግል ላይ አትጠብቂው። እዚያው ቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ ፈልጊው። አንቺ የጻፍሽው ስለሆነ ራስሽ ማጥፋት ትችያለሽ።

ከሜሪላንድ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ከማስጠፋትሽ በፊት ስክሪንሹት አንሺ፤ ሊንኩንም ኮፒ አድርጊ። እኔ ቸኩዬ ያንን ሳልይዝ ቀርቼ በኋላ ማስረጃ አጣሁ።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ለባለ ድረ ገጹ፣ ቀጥሎ ለጎግል። ጎግል ከፍለጋው ቢያወጣልሽም ፋይሉ ድረ ገጹ ላይ እንዳለ ነው። ባለቤቱ እምቢ ካለ ወይም ካልመለሰ፣ ጎግል ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስልክ፣ ኢሜይልና የቤት አድራሻ ከፍለጋ እንዲወጣ ጥያቄ ይቀበላል። መታወቂያና ፊርማም እንዲሁ። ከውጤቱ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነሽ ትጠይቂያለሽ። ለሕዝብ ይጠቅማል ብሎ ካሰበ እምቢ ሊል ይችላል።

ሕግ አዋቂ፦ ለድርጅት ስትጽፊ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ጥቀሺ። መረጃሽ እንዲታረም ወይም እንዲጠፋ የመጠየቅ መብት ይሰጥሻል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ሊንኩ፣ የትኛው መረጃ እንደሆነና ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጊ ይበቃል። አደራ፣ «ማንነትሽን አረጋግጪ» ቢሉሽ የመታወቂያሽን ሙሉ ኮፒ ዝም ብለሽ አትላኪ። የማያስፈልገውን ሸፍነሽ፣ ለምን እንደተላከ በላዩ ጻፊበት።

የጎፋዋ፦ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ስሜን በአራት ዓይነት ጽፌ ምንም ሳጣ፣ ቁጥሬን በ251 ስፈልግ አንድ ፒዲኤፍ ወጣ። ያመለከትኩበት ድርጅት የ2014 የቃለ መጠይቅ ጥሪ ነው። ስማችን፣ ስልካችን፣ የትውልድ ቀናችን፤ ሁላችንም በአንድ ሠንጠረዥ። ዛሬ ጠዋት ጻፍኩላቸው፣ ከሰዓት አወረዱት። ጎግል ላይ ግን አሁንም ስልኬ ይታያል።

ከሜሪላንድ፦ ያ አሮጌው ቅጂ ነው። ጎግል ጊዜው ያለፈበትን ውጤት የሚያድስበት ገጽ አለው። ሊንኩን እዚያ አስገቢው።

የጎፋዋ፦ እሺ፣ አሁን አስገባለሁ። ኮመንቴንም አጠፋሁ። ግን ሲቪዬን ሌላ ቻናል ፖስት አድርጎታል፤ መታወቂያዬም አለበት። ለአድሚኑ ጻፍኩለት፣ አይቶ ዝም አለኝ።

አቤል ዘፒያሳ፦ ፖስቱን ተጭነሽ ሪፖርት በይውና የግል መረጃ የሚለውን ምረጪ። ሊንኩን በውስጥ ላኪልኝ፤ እኔም ሪፖርት አደርጋለሁ።