«ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የጠፉ ሥጋ በሎች»፦ «ጠፋ» እዚህ ላይ ምን ይላል?

ዘዓለምገና፦
ሰላም ለዚህ ቤት። በአዋሽ ዳር ያለውን የቅሪተ አካል ቦታ፣ መልካ ቁንጡሬን፣ ለሚጎበኙ ተማሪዎች በሚዘጋጅ በራሪ ወረቀት ረቂቅ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞኛል። እንዲህ ይላል፦ «በአዋሽ ተፋሰስ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የጠፉ ሥጋ በል አጥቢ እንስሳት ቅሪተ አካል ተገኝቷል።» ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ «የጠፉ» ዘራቸው ያለቀ ማለት መሆኑ ለተማሪ ይገባዋል ወይ? «የጠፉ … ተገኝቷል» ሲባል በግ ጠፍቶ የተገኘ ይመስላል። ሁለተኛ፣ መዝጊያው «ተገኝቷል» ነው ወይስ «ተገኝተዋል»?

ቀለም ቀንድ፦
ልጄ፣ ቃሉን አትንካው። «ጠፍአ» በግእዝ የእሳትና የመብራት ግሥ ነው፤ የሰነፎቹ ደናግል መብራት የጠፋው በዚሁ ነው። ዛሬም «መብራት ጠፋ» እንላለን። የዘር መጥፋትም እንዲሁ ነው፤ የመጨረሻው ሲሞት ከእርሱ የሚለኮስ የለም። «የከሰሙ»፣ «የተመናመኑ» የሚሉ ሰዎች ይህን ያህል ጥርት ያለ ቃል እያለ ለምን ሌላ ፍለጋ እንደሚሄዱ አይገባኝም። የተመናመነ ገና አለ፤ የጠፋ የለም።

ንባብ ቤት፦
መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በግእዝ የሚሉት ልክ ነው፤ አማርኛው ግን ሁለት ነገር በአንድ ቃል አሸክሞታል። «ጠፍቶም ነበር፣ ተገኝቶአል» የተባለው የሉቃስ 15 ልጅ አልከሰመም፤ ከዓይን ራቀ እንጂ። አንዱ መጥፋት ከምድር ነው፣ ሌላው ከዓይን ነው። ጠያቂው የተቸገረው በዚህ ነው። እኔ «ዘራቸው የጠፋ» እላለሁ።

አፅም ቆጣሪ፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ የዓረፍተ ነገሩ በሽታ ግን ሌላ ቦታ ነው። «ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት» የተንጠለጠለው «የጠፉ» ላይ ነው። እንደ ተጻፈው ካነበብነው እንስሶቹ ያለቁት ያኔ ነው ማለት ነው። 3 ሚሊዮን የአጥንቱ ዕድሜ እንጂ የዘሩ ማለቂያ አይደለም።

ሰይፈ ጥርስ ከሚባሉት፣ ክራንቻቸው እንደ ሰይፍ ከረዘመ የጠፉ የድመት ዘመዶች፣ አንዱን ሆሞቴሪየምን ውሰዱ። አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘው ዝርያ በ1988 እ.ኤ.አ. ሆሞቴሪየም ሐዳሬንሲስ ተብሎ ተሰይሟል፤ የሉሲ ዘመንና አካባቢ ነው፣ እርሷ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናትና። ወገኑ ግን ያኔ አላለቀም። ከአፍሪካ ደለል የሚታጣው ከ1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። በሌሎች አህጉራት ከዚያ በኋላም እጅግ ብዙ ኖሯል። በ2020 እ.ኤ.አ. ሳይቤሪያ፣ ያኩቲያ ውስጥ ባድያሪካ ወንዝ ዳር ከበረዶ የወጣው የሦስት ሳምንት ገደማ ደቦል ቆዳውና ጠጉሩ እንዳለ ነው፤ ዕድሜው ከ35 ሺህ ዓመት በላይ ነው። ስለዚህ «ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የጠፉ» የሚለው ሆሞቴሪየምን በሚሊዮኖች ዓመት ቀድሞ ይገድለዋል።

አሁን ወደ ንባብ ቤት ልዩነት ልምጣ፤ ምክንያቱም በሥጋ በሎች ላይ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እርሱ ነው። ሆሞቴሪየም ከአውሮፓ ከ300 ሺህ ዓመት በፊት አለቀ ይባል ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. የዓሣ አጥማጅ መረብ ከሰሜን ባሕር ወለል የታችኛ መንጋጋ አወጣ፤ በካርቦን ሲለካ 28 ሺህ ዓመት ሆነ። ከ270 ሺህ ዓመት በላይ ከቅሪተ አካል መዝገብ ጠፍቶ የነበረ አውሬ፣ ከምድር ያልጠፋ! የሙያው ሰዎች እንዲህ ታጥቶ እንደገና ለሚገኝ ዝርያ «አልዓዛር» የሚል ስም አላቸው። የሉቃሱ ጥቅስ እዚህ ቤት በከንቱ አልተነሣም።

የሰበታዋ፦
አፅም ቆጣሪ፣ ለምን በሥጋ በሎች ላይ ይብሳል? ሚዳቋም እኮ ከመዝገብ ይጠፋል።

አፅም ቆጣሪ፦
እህቴ፣ በቁጥራቸው ማነስ ነው። አንድ አንበሳ የሚኖረው ብዙ መቶ ሣር በል በሚሰማራበት አገር ነው። የሁሉም አጥንት እኩል ቢቀበር እንኳ በአንድ ቁፋሮ የጉማሬና የቀንድ ከብት ወገን በመቶ ሲቆጠር የሥጋ በሉ ጥቂት ጥርስ ነው። ጥቂት ሆኖ የኖረ ደግሞ የመጨረሻው ግለሰብ አጥንት እጃችን የሚገባበት ዕድል ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ «ለመጨረሻ ጊዜ የታየው» የምንለው ዕድሜ ከእውነተኛው ማለቂያ ሁልጊዜ ይቀድማል፤ ልዩነቱም እንደ እንስሳው ብርቅነት ይሰፋል።

ይህ የሚገለበጥበት ቦታ አለ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ላ ብሬያ የሚባለው የሬንጅ ጉድጓድ ላይ አንድ ሣር በል ሲያዝ ጩኸቱ ብዙ ሥጋ በል ይጠራ ነበር፤ የመጡትም እዚያው ይቀራሉ። ከዚያ ከ2 ሺህ በላይ ስሚሎዶን የተባለው ሌላ ሰይፈ ጥርስና 4 ሺህ ገደማ ድሬ ዎልፍ የተባለው ተኩላ መሰል ተቆጥሯል። ይህን አይቶ «በዚያ ዘመን አዳኝ ከታዳኝ ይበዛ ነበር» የሚል ሰው ወጥመዱን ከአገሩ ጋር ያምታታል።

ቀለም ቀንድ፦
«አዳኝ» አልክ። በጽሑፍ ላይ ይህ ቃል አደገኛ ነው። «ደ» ጠብቆ ሲነበብ ከ«አደነ» የወጣ ዐዳኝ አውሬ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ከ«አዳነ» የወጣ መድኃኒት የሚሆን ነው። ወረቀት ላይ ግን ጥብቀቱ አይታይም፤ ሕፃን «የጠፉ አዳኞች» ብሎ ሲያነብ ምን ይረዳ? «መሣጢ» የሚል አለን። ማቴዎስ 7 ላይ የበግ ለምድ ለብሰው ስለሚመጡት «ተኵላት መሠጥ» የተባለው ከዚሁ ከ«መሠጠ» ነው፤ ነጠቀ፣ ቀማ ማለት ነው። «ተመስጦ» የምንለውም ከዚያው ሥር ነው፤ ልቡ የተነጠቀ ሰው።

ንባብ ቤት፦
መሪጌታ፣ «መሣጢ አጥቢዎች» ብሎ በራሪ ወረቀት ላይ ቢጻፍ መምህሩም ራሱ መዝገበ ቃላት ይፈልጋል። «ሥጋ በል» ከ«በላዒ» ወርዶ በአፍ የለሰለሰ ነው፤ «በላዔ ሰብእ»ን የማያውቅ ምእመን የለም። ይበቃናል።

አፅም ቆጣሪ፦
ይበቃል፣ ግን አንድ ወጥመድ አለው። «ሥጋ በል» አመጋገብን ይናገራል እንጂ ዘርን አይናገርም። ፓንዳ በዘር ከአንበሳና ከውሻ ምድብ ነው፤ የሚበላው ቀርከሃ ነው። በተቃራኒው ሃየኖዶንና ዘመዶቹ ሥጋ በልተው ኖረው አልቀዋል፤ ከዛሬዎቹ ምድብ ግን አንዳቸውም አይደሉም። ሃየኖዶን ስሙ ሲፈታ «የጅብ ጥርስ» ነው፤ ጅብ ግን አይደለም። ኬንያ ውስጥ ሜስዋ ብሪጅ የተገኘው የ22 ሚሊዮን ዓመቱ ሲምባኩብዋም እንዲሁ ነው፤ አጥንቱ በናይሮቢ ሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ቆይቶ በ2019 እ.ኤ.አ. ነው ስም የወጣለት። ስሙ በኪስዋሂሊ «ትልቅ አንበሳ» ማለት ነው፤ አንበሳ ግን አይደለም። ወረቀቱ ላይ «ጥንታዊ ጅብ»፣ «ጥንታዊ አንበሳ» እየተባለ የሚጻፈው ሁሉ ሊመረመር ይገባል።

ቀለም ቀንድ፦
ጅብስ ራሱ «ዝእብ» ነው። ያው ቃል በዕብራይስጥም በዐረብኛም ተኩላ ነው። እኛ ጋ ጅብ ሆነ። አውሬም ከ«አርዌ» ፊደሉ ተቀያይሮ ነው፤ ብዙው «አራዊት» ግን በቦታው ቆይቷል።

የሰበታዋ፦
ከጅብ ሳንወጣ፣ «ቀይ ቀበሮ»ስ? ሳይንሱ ተኩላ ነው ይለዋል፤ እኛ ቀበሮ እንላለን።

አፅም ቆጣሪ፦
በዘሩ ከተኩላ ወገን ነው። መልካ ዋቀና ላይ የተገኘው የታችኛ መንጋጋ ከ1.6 እስከ 1.4 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የዚህ እንስሳ የመጀመሪያው ቅሪተ አካል እርሱ ነው። ይህ ደግሞ «ያልጠፋ» ነው፤ የተመናመነ እንጂ። መሪጌታ ከላይ የለዩት ልዩነት እዚህ ላይ ሥራ ላይ ዋለ።

ንባብ ቤት፦
ረቂቁ ውስጥ «ሰይፈ ጥርስ ነብር» የሚል አለ ወይ? ካለ ሦስቱም ቃል ይታይ። ነብር አይደለም፤ ድመት አስተኔ ቢባል ይሻላል። «ሰይፈ ጥርስ» ደግሞ በግእዝ ዘርፍ ሲፈታ የጥርስ ሰይፍ ነው፤ ባለቤቱ ሰይፉ ነው እንጂ እንስሳው አይደለም። «ባለ ሰይፍ ጥርስ» ይባል።

ቀለም ቀንድ፦
ከዚያም የከፋ አለ። ጥርስ በግእዝ «ፅርስ» ነው፤ ፅርስ ማለት የኋላው ጥርስ፣ መንጋጋ ነው፣ የፊቱ «ስን» ይባላል፣ ሲበዛ «አስናን»። ዳዊት 57 ላይ ክፉዎችን ሲረግም ሁለቱን ለይቶ ነው የሚጠራቸው፤ የአንበሶች መንጋጋ ለብቻው ተጠቅሷል። እንግዲህ «ሰይፈ ጥርስ» ያለ ሰው የመንጋጋ ሰይፍ አለ ማለት ነው። የዚህ አውሬ ሰይፍ የወጣው ከመንጋጋው ነው?

አፅም ቆጣሪ፦
አይደለም፤ ክራንቻው ነው። ግን መሪጌታ ሳያስቡት ትልቁን ነገር ነክተውታል። ሥጋ በልን ሥጋ በል የሚያሰኘው ክራንቻው አይደለም። ጉማሬም፣ ዝንጀሮም ትልቅ ክራንቻ አላቸው። ምስክሩ ከኋላ ያለው ፅርስ ነው፤ እንደ መቀስ ተላልፎ ሥጋ የሚቆርጠው ጥንድ። በአንበሳ፣ በጅብ፣ በውሻ ምድብ ይህ ጥንድ ከላይ አራተኛው ቅድመ መንጋጋ፣ ከታች የመጀመሪያው መንጋጋ ነው፤ በሁሉም ያው ነው። በሃየኖዶን ወገን ግን ዋናው መቀስ ከላይ ሁለተኛው፣ ከታች ሦስተኛው መንጋጋ ላይ ነው፤ ከፊቱ ያሉትም ስለት አላቸው። የተሰበረ መንጋጋ ሲገኝ የትኛው ጥርስ እንደሚቆርጥ መቁጠር የሁለቱን ዘር ይለያል። ስለዚህ «ፅርስ» የሚለውን ቃል ለዚህ ጥርስ ብናውለው ደስ ይለኛል።

ለተማሪ የሚሆነው ደግሞ ይህ ነው። መልካ ቁንጡሬ ጉማሬ የበዛበት ቦታ ነው፤ የጉማሬ ክራንቻ ስባሪ «የአንበሳ ነው» እየተባለ ግራ ያጋባል። የጉማሬው በቁመቱ የተሰለፉ ደቃቅ መስመሮች አሉት፣ ቁርጡም ሦስት ማዕዘን ይቀርባል። የወለቀ የአዞ ጥርስ ሾጣጣ ነው፣ ታቹ ባዶ ነው። የአንበሳ ክራንቻ ቁርጡ ክብ ይቀርባል፣ ጎኑ ላይ በቁመት የሄደ ቦይ አለው። የሆሞቴሪየም ግን በጎን የተጨፈለቀ ስለት ነው፤ የፊትና የኋላ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣል፣ በጥፍር ሲዳሰስ ይይዛል። በሽማግሌ እንስሳ ይህ መጋዝ ያልቃል፤ ስለዚህ «መጋዝ የለውም» ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ የቁርጡ ቅርጽ ይታይ።

የሚዳሰሰው ግን ሙዚየም ያለው ነው። መሬት ላይ ያለው አይነሣም፤ ይህ መስመር ወረቀቱ ላይ በትልቁ ይጻፍ። አጥንቱ ከንብርብሩ ከተለየ ዕድሜው አብሮት ይሄዳል። በካርቦን ለመለካት እጅግ በቆየ እንዲህ ባለ ቦታ የምንለካው አጥንቱን ሳይሆን ከላዩና ከታቹ ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ ነውና።

ቡርቃ ዘአዋሽ፦
ሰላም። አንድ ቦታ «መልካ» ከ«መልካም» ነው የሚል አንብቤ ነው የገባሁት። አይደለም። በአፋን ኦሮሞ መልካ የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ አዋሽን የሚሻገሩበት። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ባልጩትም ስሙን ከድንጋዩ ጋር ይጋራል።

ደግሞ «3 ሚሊዮን» የሚለው ቁጥር መልካ ቁንጡሬ ላይ አይሠራም። የዚያ ንብርብር የሚጀምረው ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። 3 ሚሊዮኑ የሐዳር ነው፤ አፋር ውስጥ፣ አዋሽ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ከወረደ በኋላ። «በአዋሽ ተፋሰስ» ሲባል ውሸት አይደለም፤ ልጁ ግን እግሩ ሥር ያለ ይመስለዋል።

አፅም ቆጣሪ፦
ቡርቃ እጅህ ይባረክ። ይህ ከሁላችንም አስተያየት ይበልጣል።

ዘዓለምገና፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «በአፋር ሐዳር፣ ዛሬ ዘራቸው የጠፋ ሥጋ በል አጥቢ እንስሳት፣ ዕድሜው 3 ሚሊዮን ዓመት የሆነ ቅሪተ አካል ተገኝቷል።» የመልካ ቁንጡሬው ለብቻው ይጻፋል። «ሰይፈ ጥርስ ነብር» ነበር፤ «ባለ ሰይፍ ክራንቻ የድመት ዘመድ» ሆኗል። የቀረኝ ያችው ናት፤ «ተገኝቷል» ወይስ «ተገኝተዋል»?

ቀለም ቀንድ፦
ልጄ፣ እርሱን ከመወሰንህ በፊት የሚወሰን አለ። አጥንቶቹ ብዙ ከሆኑ «ቅሪተ አካል» ራሱ መብዛት አለበት። በዘርፍ ሲበዛ ደግሞ የፊተኛው ነው የሚበዛው፤ «ቤተ ክርስቲያን» «አብያተ ክርስቲያን» እንደሚሆን። «ቅሪተ አካላት» የሚሉት አካሉን አብዝተው ቅሪቱን አንድ አስቀሩት።

ንባብ ቤት፦
መሪጌታ፣ «አብያተ ክርስቲያናት» ሁለቱንም አብዝቶ በየመጽሐፉ አለ። ደግሞ የብዙ እንስሳ አካል ከሆነ «አካላት» ምን ነውር አለበት? ቅሪትነቱ አንድ ነው፣ አካሉ ነው ብዙው።

ቀለም ቀንድ፦
ቅሪት አንድ ነው ካልክ አፅም ቆጣሪን ጠይቀው። አንድ ክራንቻና አንድ ፅርስ ከሁለት አውሬ ቢገኝ ስንት ቅሪት ነው?

አፅም ቆጣሪ፦
እኛ ሁለቱንም እንቆጥራለን፤ የስባሪው ቁጥር አንድ ነው፣ ቢያንስ ስንት እንስሳ ነው የሚለው ሌላ። አሥር ጥርስ ከአንድ አፍ ሊሆን ይችላል። ሁለት የቀኝ የላይ ክራንቻ ከተገኘ ግን ከሁለት በታች ሊሆን አይችልም።

ንባብ ቤት፦
እንግዲያው የመጀመሪያው «ቅሪታተ አካል»፣ ሁለተኛው «ቅሪተ አካላት» ነው። መሪጌታ፣ ሁለታችንም ልክ ነበርን።

ቀለም ቀንድ፦
የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። ሁለተኛው ላይ ገና ነኝ።