የሚያፈስ ራዲያተር ቤቴ ራሴ ልቀይር አስቤአለሁ፤ ምን ልጠንቀቅ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት አነስተኛ የቤት መኪና ናት። ሰሞኑን ኩላንቷ (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) እየቀነሰ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከፊት በኩል ሥሯ አረንጓዴ ጠብታ አገኛለሁ። ኮፈኑን ከፍቼ በእጅ መብራት ሳይ፣ የራዲያተሩ የላይኛው ጥቁር ፕላስቲክ ከአሉሚኒየሙ ጋር በሚገናኝበት መስመር፣ በስተቀኝ ጥግ፣ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነገር ደርቆ ተጋግሯል። የሙቀት መለኪያው እስካሁን ከመሃል አላለፈም። መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ክሪክ አለኝ፤ የሞተር ዘይትና የፍሬን ሸራ ራሴ ነው የምቀይረው። የሚያፈሰው በእርግጥ ራዲያተሩ መሆኑን በምን ላረጋግጥ? የሚደፍን ፈሳሽ ብጨምርበትስ? ከቀየርኩ በኋላስ አየሩን እንዴት ነው የማስወጣው?

መካኒክ፦
ወንድሜ፣ የገለጽከው ምልክት በጣም የተለመደ ነው። የአሁኖቹ ራዲያተሮች መሃላቸው አሉሚኒየም፣ ዳርና ዳራቸው ፕላስቲክ ነው። ሁለቱን የሚያያይዛቸው በመካከል የተቀመጠ ጎማና በላዩ የታጠፉ የአሉሚኒየም ጥርሶች ናቸው። ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ጎማው ይደርቃል፣ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ልክ አንተ ባየህበት መስመር ማላብ ይጀምራል።

ቢሆንም የደረቀውን ምልክት ብቻ አይተህ ዕቃ አትግዛ። የፋኑ ንፋስ ፈሳሹን ስለሚበትነው ከሌላ ቦታ የወጣ ኩላንትም ራዲያተሩ ላይ ሊደርቅ ይችላል። ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ቦታውን በውሃ አጥበህ በጨርቅ አድርቀው። ከዚያ የግፊት መሞከሪያ ፓምፕ ተውሰህ በክዳኑ ቦታ ግጠምና ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ንፋ፤ ብዙ ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 ባር ነው። ከዚያ አትለፍ። ግፊቱ ከወረደ በመብራት እየፈለግህ ጠብታው የሚጀምርበትን ታገኘዋለህ።

ሌሎቹንም እግረ መንገድህን እያቸው። የውሃ ፓምፑ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ በእሷ የሚንጠባጠብ ከሆነ ያለቀው ፓምፑ ነው። ጋቢና ውስጥ ምንጣፉ ከረጠበና ጣፋጭ ሽታ ካለ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋው አላቋርጥ ካለና በጭስ ማውጫው ወፍራም ነጭ ጭስ ከወጣ ደግሞ የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ሊሆን ስለሚችል አዲስ ራዲያተር አይፈታውም።

የድሮ ሹፌር፦
የሚደፍነውን ፈሳሽ ተወው። እሱ ጥቃቅን ቀዳዳ ነው የሚይዝ፤ የላላ መጋጠሚያ አይዝም። የባሰው ችግር ደግሞ በሚያፈሰው ቦታ ብቻ አለመቆሙ ነው። የማሞቂያው ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ገብቶ ይረጋና ሌላ ሥራ ያመጣብሃል። መንገድ ላይ ቀርተህ፣ አማራጭ አጥተህ፣ ቤትህ ለመግባት ካልሆነ በቀር አልመክርህም።

ራዲያተር ጠጋኝ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። የድሮው የመዳብና የናስ ራዲያተር ቢሆን በብየዳ ይድን ነበር። የአንተን ዓይነቱን ጥርሶቹን ከፍቶ ጎማውን መለወጥ ይቻላል፤ ግን ፕላስቲኩ ጥቁረቱን ለቆ ወደ ቡናማ ከተለወጠ ተቃጥሏልና ስትከፍተው ይሰበራል። ማጣበቂያ ልቀባበት ካልክ ደግሞ፣ ፕላስቲክና አሉሚኒየም ሲሞቁ እኩል ስለማይለጠጡ ይላቀቃል። ቀይረው።

የቅዳሜ መካኒክ፦
እኔም አውቶማቲክ መኪና ላይ በቤቴ ስለቀየርኩ አካሄዱን ልንገርህ። መፍታትና መግጠሙ ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ የሚፈልገው ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ነው።

መጀመሪያ ትቀዝቅዝ። ሞቃት ክዳን በጨርቅ ይዞ መክፈት የሚባለውን አትስማ። ክዳኑ ወደ 1 ባር ግፊት ሲይዝ ተራ ውሃ እንኳ እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። በከፈትክ ቅጽበት ግፊቱ ስለሚጠፋ ውሃው በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ፊትህ ላይ ይወጣል። የላይኛው ቱቦ በእጅህ ሲነካ ቀዝቃዛና ልስልስ እስኪሆን ጠብቅ።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። በአንዳንድ መኪና ፋኑ ቁልፉ ጠፍቶም ይነሳል፣ ጣትህ ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው። ከሥር የምትገባ ከሆነ በክሪክ ብቻ ተሸክማ ባለች መኪና ሥር እንዳትገባ፤ መደገፊያ አድርግላት፣ የኋላ ጎማዎቹ እንዳይንከባለሉ ድንጋይ አስደግፍ።

ከሥር ሰፊ ሳፋ አድርገህ በማፍሰሻው ክፈት። ማፍሰሻዋ ፕላስቲክ ስለሆነች ቶሎ ትሰበራለች፤ እምቢ ካለች የታችኛውን ቱቦ ንቀለው። የደረቀ ቱቦ ከሞተሩ በኩል በካቻቢቴ እየጎተጎትክ አታውጣ፤ በርዝመቱ በቢላዋ ሰንጥቀህ አዲስ መግጠም ይሻላል። የፋኑን ሶኬት ነቅለህ ፋኑን ከነሽፋኑ አውጣ፤ ቦታ ይለቅልሃል። ከላይ ያሉትን ሁለቱን መያዣዎች ፍታና ራዲያተሩን ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ሳበው። ከሥሩ የሚቀመጥባቸው ጎማዎች ተጣብቀው አብረው ስለሚወጡ ከአሮጌው ጋር እንዳትጥላቸው። ያለ እነሱ ራዲያተሩ ሻንሲው ላይ እየተንቀጠቀጠ ይሰነጠቃል።

አዲሱን ከመግጠምህ በፊት ከአሮጌው ጎን አጋድመህ አስተያየው፦ የቱቦዎቹ አፍ ውፍረት፣ የፋኑ ብሎን ቀዳዳዎች፣ የካምቢዮ ዘይት መግቢያዎቹ ጥርስ። መሬት ላይ እያለ የሚታይ ልዩነት መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ ያደክማል።

ጠያቂ፦
ተባረኩ! ቦታውን አጥቤ ሞከርኩት፤ 1 ባር ሳይሞላ ከዚያው ጥግ ወጣ። ሁለት ነገር አስፈራኝ። ከራዲያተሩ ፊት የኤሲው ራዲያተር አለ። ከታች ደግሞ ከካምቢዮ የሚመጡ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ገብተውበታል።

መካኒክ፦
የኤሲውን ቱቦ በፍጹም አትፍታ፤ ውስጡ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ጋዝ አለ። ከራዲያተሩ ጋር በብሎን የተያያዘ ከሆነ ብሎኑን ብቻ ፍታና ኤሲው ባለበት ይቆይ። በመካከላቸው ካርቶን አስገባ፤ ያ ስስ አሉሚኒየም በትንሽ ንክኪ ይታጠፋል።

የካምቢዮውን ቱቦዎች በልካቸው መፍቻ ፍታቸው፣ በፒንሳ አይደለም፤ ጠርዙ ከተላጠ አይያዝም። ንጹሕ ዕቃ ከሥር አድርግና የሚፈሰውን ዘይት ያዝ። መጠኑን ለካና በኋላ መጽሐፉ በሚለው ዓይነት አዲስ ዘይት ያንኑ ያህል መልስ። የቱቦዎቹን ጫፍ ወዲያው ድፈን፤ ካምቢዮ ቆሻሻ አይችልም። ስትመልሳቸው መጀመሪያ በእጅህ አዙር፤ ጥርሱን ስቶ ከገባ አዲሱ ራዲያተር ተበላሸ ማለት ነው።

የወጣው ዘይት ንጹሕ ቀይ ከሆነ ደህና ነው። ወተት የተቀላቀለበት የሚመስል ሮዝ ከሆነ ግን ኩላንትና የካምቢዮ ዘይት ራዲያተሩ ውስጥ ተገናኝተዋልና ካምቢዮውን ሳታሳጥብ እንዳትነዳት።

የድሮ ሹፌር፦
አዲስ ኩላንት ስትገዛ ከቀለሙ አትነሳ። አረንጓዴም ቀይም ሮዝም የሚመረጠው እንደ አምራቹ ስለሆነ ቀለም ዓይነቱን አይነግርህም። የመኪናህ መጽሐፍ የሚለውን ግዛ። ሳይበረዝ የሚሸጥ ከሆነ ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅል፤ የቧንቧ ውሃ ማዕድኑ ውስጡ ይጋገራል።

አሮጌውን ደግሞ መሬት ላይ አታፍስ። ብዙው ኩላንት መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ስለሚጣፍጥ ውሻም ሕፃንም ይልሰዋል። በጀሪካን ከድነህ፣ ምን እንደሆነ ጽፈህበት፣ አሮጌ ዘይት የሚቀበሉ ዘንድ ውሰደው።

የቅዳሜ መካኒክ፦
አየር ስለማስወጣቱ፦ ከተቻለ አፍንጫዋ ወደ ላይ ቀና ባለ ቦታ አቁማት። የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርግ። ክዳኑ ክፍት እያለ ኩላንቱን በቀስታ ሙላ፤ እየሞላህ የላይኛውን ቱቦ በእጅህ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው፣ እብጥ እያለ አየሩ ይወጣል። ሞተሩ ላይ የአየር ማስወጫ ብሎን ካለ ከፍተህ ያለ አረፋ እስኪፈስ ጠብቅና ዝጋው። ሞተሩን አስነሳ። ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ኩላንቱን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር) ሲከፈት የላይኛው ቱቦ በድንገት ይሞቃል፣ የኩላንቱም ከፍታ ወረድ ይላል፤ ያኔ ጨምርበት። ኩላንቱ ከአፉ ገንፍሎ ከፈሰሰ ራቅ ብለህ ጠብቅ። አረፋው ሲያቆም ክደነው፣ ፋኑ ተነስቶ እስኪጠፋ ድረስም አታጥፋት። ክዳኑንም አዲስ አድርገው፤ ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ግፊት አይዝም።

ጠያቂ፦
ተቀይሯል! ጠብታ የለም፣ ፋኑም ይነሳል። ግን ቆማ ስትሠራ ማሞቂያው ቀዝቃዛ ይነፋል፤ ስነዳት ይሞቃል። በማግስቱም ኩላንቱ ከመስመሩ ትንሽ ወርዷል።

መካኒክ፦
ማሞቂያው ውስጥ አየር ቀርቷል። ስትቀዘቅዝ ራዲያተሩን እስከ አፉ፣ በጎኑ ያለውን የኩላንት ማጠራቀሚያ ጋን እስከ መስመሩ ሙላና ማሞቂያው ክፍት እያለ ያንኑ ድገም። ለጥቂት ቀናት ጠዋት ጠዋት ሳታስነሳ እየው። አንዴ ሞልተህለት ከቆመ አየሩ አልቋል። ጠብታ ሳይታይ መቀነሱን ከቀጠለ ግን የግፊት መሞከሪያውን ፓምፕ መልሰህ ግጠምና ሞክራት፤ የቱቦዎቹንም ማሰሪያ ደግመህ እያቸው።

ጠያቂ፦
ዛሬ ጠዋት ሞላሁት፤ ግማሽ ብርጭቆ እንኳ አልወሰደም። ማሞቂያውም ቆማም ሞቀ። የካምቢዮውን ዘይት ለክቼ መልሻለሁ፤ ነገ ከሥሯ ካርቶን ዘርግቼ አያታለሁ።